ፊርደውስ ውጤት ስትጠብቅ

ፊርደውስ የሞተ ሰው ገመና አውርታ አታውቅም። ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ሙስሊም ሴት ስትሞት መጀመሪያ የሚነሳው የሷ ስም ነው። መጥታ ጀናዛውን ታጥባለች፣ የምትገነዝበትን ከፈን ትቆርጣለች፣ ዱዓ አድርጋ በመጣችበት በር ትወጣለች። «ፊቷ እንዴት ነበር? ኑር በርቶበት ነበር?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ደፋር አይጠፋም። ፊርደውስ ታዲያ፣ «አላህ ይዘንላት። ሻይ አለ?» ትልና ወሬውን ወደ ማጀት ትመልሰዋለች።

ሥራውን የተማረችው ከእናቷ ከእሜቴ ሂንድ ነው። እሜቴ ሂንድ ጉልበታቸው ሳይከዳቸው በፊት ከኮምቦልቻ አልፈው እስከ ገጠሩ ድረስ እየተጠሩ ያጥቡ ነበር። ፊርደውስን ገና ኮረዳ ሳለች ውሃ አቀባይ አድርገው ወሰዷትና፣ ያን ቀን ስለ አስተጣጠቡ ምንም ሳይሉ አንድ ነገር ብቻ ነገሯት።

«እጅሽ ያየውን አፍሽ እንዳይሰማው። ሟች ራሷን መሸፈን አትችልም፤ መሸፈኛዋ አንቺ ነሽ። የሸፈነን አላህ ይሸፍነዋል።»

ፊርደውስ ይህን ቃል ከሶላቷ ጋር ይዛው ኖረች። እናቷ ግን ሁልጊዜ እንዲህ ኮስታራ አልነበሩም። አንዳንዴ ከሥራ ሲመለሱ መንገድ ላይ ቆም ብለው፣ «ለሰው ብዬ ያስተማርኩሽ እንዳይመስልሽ። ለራሴ ነው። እኔን የምታጥቢኝ አንቺ ነሽ፤ ስታጥቢኝ ታዲያ እንዳታለቅሺብኝ፣ እንባሽ ሳሙናውን ያበላሸዋል» ይሏታል። ሁለቱም ይስቃሉ። በሳቅ መሃል የተጠየቀ ቢሆንም ፊርደውስ፣ «እሺ እማ፣ እኔ ነኝ የማጥብሽ» ብላ ቃሏን ሰጥታለች።

አሁን ፊርደውስ ሃምሳ ዓመት ገደማ ሆኗታል። ባሏ ዐቂል ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ናት፤ ልጅ አላህ አልሰጣትም። ሰኞ ገበያ ውስጥ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው የማይቆምባት ሱቅ አለቻት፤ አቡጀዲ፣ ሻሽ፣ ሽርጥ፣ ለጀናዛ ማጠቢያ የሚሆን፣ ሽታው የሚሰነፍጥ ካፉርም ትሸጣለች። በሱቋ ደጃፍ የሚያልፉ ነጋዴዎች ይተርቧታል።

«ኧረ ፊርደውስ፣ በዓይንሽ አትለኪኝ! እኔ ገና ነኝ!»

«አንተን የሚያጥብህ ወንድ ነው፤ እኔን ምን አስፈራህ? ይልቅ ሚስትህን ሰላም በልልኝ!»

እናቷ ኮምቦልቻ ከታናሽ ወንድሟ ከሀምዲንና ከሚስቱ ከሱዓድ ጋር ይኖራሉ። የሐራጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ መግባት ለሰኞ ገበያ ሰው መንገድ አይባልም፤ ሰው ጧት ወርዶ ለምሳ ይመለሳል። ፊርደውስም ጁምዓ ሳያልፋት እየወረደች እናቷን ታያለች፣ ጸጉራቸውን ታበጥራለች፣ ትመለሳለች።

በ2012 ክረምት ኮሮና ደሴ ገባ። ጭጋግ ከጦሳ ተራራ እየወረደ ከተማውን ቀኑን ሙሉ ይሸፍናል፤ መስጊዶች ተዘግተው ሰው በየቤቱ ይሰግዳል፤ አረፋ ቢቃረብም እንደ ወትሮው የሚመጣ እንግዳ አልነበረም። ሰው ከበሽታው ይልቅ አቀባበሩን ፈራ። ነጭ ላስቲክ የለበሱ ሰዎች መጥተው ሬሳውን ይወስዱታል፣ አይታጠብም፣ ዘመድ አፈር አያለብስም እየተባለ ይወራል። ከወሬው ግማሹ ጭማሪ ነበር። ፍርሃቱ ግን ሳይጎድል በየቤቱ ገባ፤ ሰውም ሳሉን መደበቅ ጀመረ። የሚያስለው ሁሉ «ብርድ መታኝ» አለ። የሚያቃስተው ሁሉ «ጨጓራዬ ነው» አለ።

በዚያ ሰሞን አንድ ጧት የጨርቅ ነጋዴው የሐጂ አብዱልሰላም ልጅ ሲድራ ወደ ፊርደውስ ቤት መጣች። ሃያ ዓመት ያልሞላት፣ ስትናገር ዓይኗን የምትሰብር ልጅ ናት።

«እትዬ ፊርዶስ፣ እማዬ...»

«ያ ረቢ! ሩሚሳ? ምን አገኛት?»

«ልቧ ነው።»

ፊርደውስ ሄደች። በዚያ ጊዜ ጓንት ከየፋርማሲው ጠፍቶ ነበርና በባዶ እጇ፣ ሻሿን በአፏ ላይ አስራ ሩሚሳን አጠበቻት። ክፍሉ ውስጥ መስኮቱ በብርድ ልብስ ተጋርዶ፣ ከአልጋው ሥር የሳል ሽሮፕ ጠርሙሶች ተደርድረው አየች። ሩሚሳ ላይ ያየችውን እኛም አንጠይቃትም። ስትጨርስ በጓሮ በር በኩል ሲድራ እጇን ጥብቅ አድርጋ ያዘቻት።

«አማና ነው፣ እትዬ። አባዬ ሰው እንዳይሰማ ብሏል።»

«ወይ አንቺ ልጅ! እኔን ነው አማና የምትዪኝ?»

ከግድግዳው ወዲያ ሰው ሲያስል ሰማች። ሳሉ ጨርቅ ታፍኖበታል። ሐጂ አብዱልሰላም ናቸው። ሩሚሳ በልቧ እንዳልሞተች ፊርደውስ ያን ጊዜ ገባት። ገብቷትም ዝም ብላ ወደ ቤቷ ሄደች።

ጥቂት ቀናት አለፉ። ሱቋ ተቀምጣ ሳለች ከኮምቦልቻ ሀምዲን ደወለ።

«እማ ምግብ እንቢ አለች፤ ከትናንት ጀምሮ አልተነሳችም። ሐኪሙ ልቧ ደክሟል፣ ዕድሜም ነው፣ አስታሟት ነው ያለን። ስምሽን እየጠራች ነው። ዛሬውኑ ነይ።»

«መጣሁ» አለች። ልትነሳ ስትል አንዲት ገበያተኛ አቡጀዲና ካፉር ፈልጋ ገባች። ፊርደውስ የካፉሩን ቆርቆሮ ከፈተችላት። ሴትዮዋ ወደ ኋላ ሸሸች።

«ኧረ ክደኚው! አፍንጫዬን ሰነጠቀው!»

ፊርደውስ ቆርቆሮውን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። ምንም። ከንፈሯን እስኪነካ ድረስ አስጠጋችው። ይህን ሽታ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ ልብሷ ላይ አድሮ ባሏ ዐቂል፣ «ዛሬም ከሞት ቤት መጣሽ?» ይላት ነበር። አሁን ቆርቆሮው ውስጥ ያለው ነጭ ጨው ይሁን ዱቄት መለየት አልቻለችም። ሽታና ጣዕም የጠፋበት ሰው ይመርመር የሚለውን በሬዲዮ ደጋግማ ሰምታለች። ከትናንት ጀምሮም ወገቧን እየቆረጠማት ነበር፤ ከውሃ መሸከም ነው ብላ ትታው ነው።

ሱቋን ዘግታ ለሀምዲን ደወለች።

«ተመርምሬ እመጣለሁ።»

«ምን ሆነሽ ነው የምትመረመሪ?»

«ምንም። ጉንፋን ቢጤ።»

«ለጉንፋን ደግሞ ምን ምርመራ አለው፣ ፊርዶስ! እናትሽ እኮ ናት!»

«ነገ፣ ኢንሻአላህ» አለችና ስልኩን ዘጋች። የሰው ሁሉ ውሸት በሷም አፍ እንደ ወጣ ያወቀችው ከዘጋችው በኋላ ነው።

መመርመሪያ የተባለው በአንድ ጤና ጣቢያ ግቢ የተተከለ ድንኳን ነበር። ተራ ጠባቂው ተራርቆ እንዲቆም መሬቱ ላይ በኖራ ክብ ክብ ተሰርቶ ነበር፤ ዝናቡ አጥቦት ሰዉ እንደ ልማዱ ተጠጋግቶ ቆሟል። ፊርደውስ ከሰው ርቃ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ሆና ተራዋን ስትጠብቅ እኩለ ቀን አለፈ። ድንኳኑ ውስጥ ያለችው ነርስ ጽናት ትባላለች፤ ከማስኩ በላይ የሚታዩት ዓይኖቿ እንቅልፍ ካጡ ሰንብተዋል።

«እናቴ፣ በሽታው ከተረጋገጠበት ሰው ጋር ንክኪ አለዎት?»

ፊርደውስ የሻሿን ጫፍ አጠበቀች።

«ከውጭ የመጣ እንግዳ? ያስታመሙት ሰው? ለቅሶ ቤት?»

«ለቅሶ የማይሄድ ሰው አለ እንዴ፣ ልጄ?»

«የሟቹን ስም ቢነግሩኝና ምን እንደነበረበት ቢያስረዱኝ እኮ እናጣራለን። አስለው ነበር? ትንፋሽ ያጥራቸው ነበር?»

ሩሚሳ የሚለው ስም ምላሷ ላይ መጥቶ ቆመ። እናቷ ያኔ የነገሯት ቃልም፣ የሲድራ እጅም አብረው መጡ። ዋጠችው።

«ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ጨርቅ እነግዳለሁ።»

ይህም ውሸት አልነበረም። ጽናት ተነፈሰች።

«እንግዲህ ይኸውልዎት። የመጣልን መመርመሪያ ትንሽ ነው፤ እሱንም ንክኪ ላለው ብቻ ነው ስጡ የተባልነው። ቤትዎ ይሁኑ፣ ሰው አይቅረቡ፣ ትኩስ ነገር ይጠጡ። ከባሰብዎት ይደውሉ።»

«እናቴ ኮምቦልቻ ልትሞትብኝ ነው፤ መሄድ አለመሄዴን ልወቅ ብዬ ነው። ቤቱ ውስጥ ሌላም ሰው አለ።»

«አይሂዱ እንግዲህ።»

«እስከ መቼ?»

ጽናት ቀጣዩን ሰው ጠራች።

በማግስቱ ደውሉ በተባለው ስልክ ስትደውል ዋለች፤ ሲነሳ አልሰማችም። አንድ የግል ክሊኒክ ሄዳ ደጃፉ ላይ ቆማ ብትለምን፣ ለኮሮና የሚሆን ነገር የለንም ብለው ጣቷን ወግተው ታይፎይድና ታይፈስ አለብሽ አሏት። ደሴ ውስጥ ክሊኒክ ገብቶ ታይፎይድና ታይፈስ ያልተገኘበት ሰው ግን ማን ነው? መድኃኒቱን ይዛ ቤቷ ገብታ በሩን ዘጋች።

ጎረቤቷ ብዙዬ ከአጥሩ ወዲያ ብቅ አለች። ብዙዬ ክርስቲያን ናት፤ ሁለቱ አብረው አርጅተዋል፣ የአጥሩ ቆርቆሮም ለወሬያቸው ሲባል በአንድ በኩል ዝቅ ብሎ ተቆርጧል።

«አንቺ ፊርዶስ! አለሽ?»

«አለሁ። ራቅ በይ።»

«ከዚህ በላይ ከራቅሁ ቦሩ ሜዳ ነው የምገኘው! አጥሚት አምጥቼልሻለሁ፤ ድንጋዩ ላይ አለልሽ። ሲቀዘቅዝ ጭቃ ነው የሚመስለው፣ ቶሎ ጠጪው።»

«ጣዕሙን አላውቀው፣ ብዙዬ።»

«ደግ ነው፤ ዛሬ ጨው በዝቶበታል።»

ፊርደውስ ሳቀች፤ ሳቁ ሳል ሆነባትና አጥሩን ተደግፋ ቆየች። ብዙዬ እስኪያልፍላት ጠብቃ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ምን አሉሽ?»

«ንክኪ ላለው ብቻ ነው አሉኝ።»

«ታዲያ አንቺ የለሽም? ሩሚሳን ያጠብሻት አንቺ አይደለሽም?»

«ሩሚሳ በልቧ ነው የሞተችው።»

«እህ» አለች ብዙዬ፤ ብዙ ነገር ያዘለ እህታ ነበር። «እኔስ ያስጨነቀኝን ለነፍስ አባቴ እናዘዛለሁ። አንቺ ይኼን ሁሉ የሰው ገመና ተሸክመሽ ለማን ነው የምታራግፊው?»

«ለአላህ።»

«እሱ ነዋ አንድ መርማሪ የሚልክልሽ!»

«አስተግፊሩላህ በይ!»

«እኔ በራሴ አፍ ይቅር በለኝ ብያለሁ፤ አንቺ አጥሚትሽን ጠጪ።»

በዚያው ቀን ሀምዲን ስልኩን በእናቷ ጆሮ ላይ አደረገላት። የእሜቴ ሂንድ ድምፅ ከሩቅ ጉድጓድ የሚመጣ ይመስል ነበር።

«መጣሽ?»

«አልመጣሁም እማ። አመመኝ፤ እንዳላስይዛችሁ ፈርቼ ነው።»

«ደግ አደረግሽ። ሱዓድ ጋ ሕፃን አለ።»

ፊርደውስ ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሮዋ አዛወረች።

«እማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሟች ላይ ያየሁት ነገር ሌላ ሰው የሚፈጅ ቢሆንስ?»

አሮጊቷ ያንቀላፉ መሰላት።

«ነውር ነው በሽታ?»

«በሽታ።»

«በሽታ ከአላህ ነው፤ ምኑ ነው ነውሩ? እኔ የሰው ነውር ሸፍኚ ነው ያልኩሽ። እሳት ነጠላ ይለብሳል እንዴ?» ትንፋሻቸው ተቆረጠና ተመለሰ። «ግን መጀመሪያ ቤቷን ጠይቂ። ሟቿ የነሱ ናት።»

ፊርደውስ ያንኑ ቀን ሻሿን አፏ ላይ አስራ ሐጂ አብዱልሰላም ደጅ ሄደች። በሩን ሳትነካ መንገዱ ማዶ ጭቃው ላይ ቆማ ተጣራች። ሐጂ ጋቢ ተከናንበው ወጡ፤ ሲድራ ከኋላቸው በመስኮት ታያለች።

«ሐጂ፣ ፈቃድ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት። አሞኛል። ምርመራ የሚሰጡኝ ያጠብኳትን ሰው ከነገርኳቸው ብቻ ነው። እናቴ ደግሞ—»

«ዘወር በይ ከደጄ! ቤቴን ልታሳሽጊ ነው? ሱቄን ሰው እንዲሸሸው? ሩሚሳ እንደ ሰው ታጥባ እንደ ሰው ተቀብራለች፤ አለቀ!»

ሳላቸው ንግግሩን ቆረጠው።

«እርስዎም እኮ ቢመረመሩ...»

«አስም ነው!»

«አስሙ ከመቼ ወዲህ ነው፣ ሐጂ?»

«ካንቺ ጋር ከተነጋገርኩ ወዲህ!» አሉና በሩን ዘጉት።

ፊርደውስ ወደ ድንኳኑ የሚወስደውን መንገድ ይዛ መታጠፊያው ላይ ደረሰች። ሄዳ ብትናገር የሚከለክላት አልነበረም። ግን የእናቷ ትእዛዝ ጠይቂ የሚል ነበር፤ ጠየቀች፣ እንቢ ተባለች። ከእንቢታው በኋላ ምን እንደምታደርግ አልነገሯትም። መታጠፊያው ላይ ቆማ ዝናቡ መታት፤ ከዚያ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ያች ቀን ባክና ቀረች።

ሀምዲን ተቆጥቶ ደወለ። «ሰው ምን ይለኛል? እኅቱ ከደሴ ኮምቦልቻ መምጣት አቃታት ይበሉኝ?» አላት።

ከዚያ በኋላ አንድ ጧት የግቢዋ በር ተንኳኳ። ከውጭ ቆማ የምትጠራት ጽናት ነበረች፤ ከላይ እስከ ታች ነጭ ለብሳለች፣ ጫማዋ በላስቲክ ተጠቅልሏል። የሰፈሩ ሰው በየበሩ ቀዳዳ ያያል።

«ፊርደውስ እርስዎ ነዎት? አንዲት ልጅ ስለ እናቷ መጥታ ነገረችን። ያጠበቻትን ሴት እዩልኝ ብላ ቤትዎን ያመለከተችን እሷ ናት።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ድንኳን መጥተው ነበር አይደል? ለምን አልነገሩኝም፣ እናቴ?»

«የኔ አልነበረም፣ ልጄ።»

ጽናት አልገባትም፤ ወይም ገብቷት ይሆናል፣ አልተከራከረችም። ቀጭኑን እንጨት ጉሮሮዋና አፍንጫዋ ውስጥ አስገብታ ናሙና ወሰደች። የፊርደውስ ዓይን እንባ ሞላ።

«መቼ ይደርሳል?»

«ከየወረዳው የመጣ ናሙና ተከምሯል። ነገ ካልሆነ ከነገ ወዲያ ነው። እኔ ራሴ እደውልልዎታለሁ።»

ነገ መጣ። ከነገ ወዲያም መጣ። ፊርደውስ ስልኩን ደረቷ ላይ አድርጋ ትተኛለች፣ ስትሰግድ መስገጃዋ ጫፍ ላይ ታስቀምጠዋለች። ጽናት እንዳለችው መደወሉን አልተወችም። «ገና ነው» ትላለች፤ አንዳንዴ ማስኳን ሳታወልቅ ስለምትደውል ድምጿ የታፈነ ነበር። በመሃሉ ፊርደውስ ለእናቷ ደወለች፤ እናቷ ግን ከእንግዲህ አይናገሩም ነበር። ሀምዲን ስልኩን ጆሯቸው ላይ ያደርገዋል፣ እሷ ታወራለች፣ ከወዲያ ትንፋሽ ብቻ ይሰማል።

አንድ ቀን ዐሱር ሰግዳ ስታበቃ ስልኩ ጮኸ። የሀምዲን ነበር።

«እማ ሄደች።»

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለች ፊርደውስ። ከዚያ ሳታለቅስ ለጽናት ደወለች።

«ልጄ፣ እናቴ ሞተች። አሁን ንገሪኝ። ልሂድ፣ አልሂድ?»

ከወዲያ ዝናብ ሸራ ላይ ሲወርድ ይሰማል።

«አልደረሰም» አለች ጽናት። «ይሂዱ ልልዎት አልችልም። አይሂዱ ማለትም... እኔም እናት አለችኝ።»

ፊርደውስ ቀሚሷን ቀይራ በሩን ከፈተች። መንገዱ ላይ ረዳቱ ከሚኒባሱ ተንጠልጥሎ «ኮምቦልቻ! አንድ ሰው፣ ኮምቦልቻ!» ይላል። አንዲት ቦታ ቀርታለች፤ ከጎኗ ልጅ ያዘለች ሴት ተቀምጣለች። ረዳቱ አያትና፣ «ነይ እናት፣ ባንቺ ሞላ!» አላት። ፊርደውስ ሕፃኑን አየችው። እጇን አወዛውዛ «እለፉ» አለች፤ ሚኒባሱም ሐራጎን ሊወርድ ሄደ።

ሀምዲን እንደገና ሲደውል ከድምፁ ቁጣው ወጥቶ ነበር።

«አጣቢ አጣሁ፣ ፊርዶስ። የምናውቃቸው ሴቶች ፈርተው እንቢ አሉ፤ አልፈርድባቸውም። እኔ ደግሞ ወንድ ልጇ ነኝ፣ ማጠብ አይፈቀድልኝም። ሸሁ ካልተቻለ ተየሙም ይበቃታል ብለዋል፤ አፈር ነክቶ ፊቷንና እጇን መዳበስ ነው።»

«አፈር? ያን ሁሉ ሰው በውሃ የሸኘች ሴት?»

«ምን ላድርግ?»

ስልኩ ከእጁ ተወሰደ። ሱዓድ ነበረች።

«እትዬ፣ እኔ አጥባታለሁ።»

«አንቺ? ዶሮ ሲታረድ ጎረቤት የምትደበቂው?»

«ዛሬም እፈራለሁ። አንቺ ስልኩን አትዝጊው ብቻ።»

ስልኩ ድምፁ ከፍ ተደርጎ መስኮት ላይ ተቀመጠ። ውሃ የምታቀብል አንዲት ጎረቤት ተገኘች። ፊርደውስ ደሴ ቤቷ ወለል ላይ ተቀምጣ ዓይኗን ጨፈነች።

«እጅሽ ላይ ምን አለ?»

«ጓንት የለም፤ ፌስታል አስሬያለሁ።»

«ይሁን። አፍሽንም ሸፍኚ። መጀመሪያ ከእምብርቷ እስከ ጉልበቷ ጨርቅ አልብሻት፤ እስክትጨርሺ አይነሳ። አሁን ቀና አድርጊያትና ሆዷን በቀስታ ዳብሺው።»

ውሃው ሲፈስ ተሰማ።

«ጨርቁ ከእጄ ወደቀ፣ እትዬ።»

«እኔም እጥል ነበር። ቢስሚላህ በይና ለሶላት እንደሚደረገው ውዱእ አስደርጊያት። ከዚያ ቀኙን ጎን፣ ከራሷ ወደ እግሯ። ሲያማት ይሰማታል ብለሽ አስቢ፤ እንደ ሕፃንሽ ያዣት።»

«እሺ... እትዬ፣ እዚህ ጀርባዋ ላይ—»

«ቆይ። አትንገሪኝ።»

«አንቺ ልጇ አይደለሽም?»

«ያጠብሻት አንቺ ነሽ። ያንቺ ነው፤ ለሀምዲንም እንዳትነግሪው።»

ውሃው ቀጠለ። ግራውን ጎን አጠቡ፤ ደግመው በሳሙና አጠቡ። ጸጉራቸውን በሦስት ጎንጉኚ ስትላት ሱዓድ፣ «ሳስቷል እኮ» አለች፤ ፊርደውስም፣ «የተገኘውን» አለች። መሃል ላይ መስመሩ ተቋረጠ። ፊርደውስ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ «ያ አላህ፣ ያ አላህ» ስትል ሀምዲን ከውጭ በሌላ ስልክ ደወለና በመስኮቱ አቀበላቸው።

«ካፉሩን በመጨረሻው ውሃ ላይ በትኚው» አለች። ከዚያ ሳታስብ፣ «ይሸታል?» ብላ ጠየቀች።

«ቤቱን ሞላው።»

«አልሐምዱሊላህ።»

ከፈኑን ስታለብሳቸው ፊርደውስ የእያንዳንዱን ጨርቅ ቦታ ነገረቻት። በመጨረሻ ሱዓድ ያለችው፣ «እትዬ፣ ጨረስኩ። ታምራለች» ነበር። ፊርደውስ ያን ጊዜ አለቀሰች። ጥቂት ወንዶች ተራርቀው ቆመው ሰገዱባቸው፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ተቀበሩ።

የሰኞ ገበያ ሰው ተዝያ፣ ለቅሶ ሊደርሳት መጥቶ ከግቢዋ ውጭ ጭቃው ላይ ቆመ። እየተጣሩ፣ «አላህ ያጽናሽ፣ ፊርደውስ!» ይሉና ይሄዳሉ። ብዙዬ ግን አልሄደችም። ከአጥሩ ወዲያ መሬት ላይ ቁጭ ብላ፣ እሜቴ ሂንድን እያነሳች ከሷ ጋር አለቀሰች፤ ቆርቆሮው መሃላቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ጽናት የደወለችው።

«ናሙናዎ...» አለችና ቆመች። «ክዳኑ ላልቶ መንገድ ላይ ፈሷል። ውጤት የለውም ብለው መለሱት። ድጋሚ ልውሰድልዎት፤ አሁን ንክኪ ተብለው ተመዝግበዋል፣ ይገባዎታል።»

ፊርደውስ ተነስታ መስኮቱን ከፈተች።

«ድንኳኑ ጋ ሰው አለ?»

«እስከ በሩ ድረስ።»

«የኔን ለአንዳቸው ስጪልኝ። እኔ የምሄድበት አልፏል።»

ጽናት አፍንጫዋን ስትስብ ተሰማ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እናቴ።»

«አንቺ ምን አጠፋሽ? በዝናብ ቆመሽ ነው የምትውዪው። አላህ ይጠብቅሽ፤ እናትሽንም ያኑርልሽ።»

በሽታው ነበረባት ወይስ አልነበረባትም፣ ፊርደውስ እስከ ዛሬ አታውቅም። ኖሮባት ከሆነ ያንን ሕፃንና ሱዓድን አላህ አተረፋቸው፤ ካልነበረባት ለእናቷ የሰጠችውን ቃል በከንቱ አጥፋለች። ሁለቱንም ታስባለች። አንዳንድ ቀን የፊተኛው ያጽናናታል፣ አንዳንድ ቀን የኋለኛው ያሸንፋታል። ሐጂ አብዱልሰላም ከአረፋ ማግስት አልጋ ያዙ። ሲድራ ቤት ደብቃ አላስተኛቻቸውም፤ ሆስፒታል አስገባቻቸው፣ ተረፉም። ዛሬ ከሱቃቸው እስከ መስጊዱ ሲሄዱ ሁለት ቦታ ያርፋሉ፤ ፊርደውስን ሲያገኙ በዓይናቸው መሬት እያዩ ሰላምታ ይሰጧታል።

ጽናት ቤት ይቀመጡ ያለቻት ጊዜ ሲያልፍና ጉልበቷ ሲመለስ ፊርደውስ ኮምቦልቻ ወረደች። መቃብሩ ላይ ቆማ ዱዓ አደረገች፤ አፈሩ ገና አልረጋም። ሀምዲን ከጎኗ ቆሞ፣ «በጣም ተናግሬሽ ነበር፤ አፉ በይኝ» አላት። «አፉ ብዬሃለሁ» አለችው።

ቤት ሲገቡ ሱዓድ ደጃፍ ላይ ልብስ ታሰጣ ነበር። ሳይተቃቀፉ ራቅ ራቅ ብለው ተቀመጡ።

«እትዬ፣ ትናንት ጠርተውኝ ነበር» አለች ሱዓድ። «ከወንዙ ማዶ አንዲት እናት ሞታ። እማን ያጠበችው ናት ብለው።»

«ሄድሽ?»

«ማን ይሂድ ታዲያ? ግን ከመግባቴ በፊት ጠየቅኳቸው። ታስል ነበር ወይ፣ ሐኪም አይቷታል ወይ አልኩ። ወንዶቹ ተቆጡኝ፤ አጣቢ ጠራን እንጂ መርማሪ ጠራን ወይ አሉኝ። እኔም ካልነገራችሁኝ አልገባም ብዬ ደጁ ላይ ቆምኩ። ኋላ ምራቲቱ ወጥታ ነገረችኝ።» ሱዓድ ቀና ብላ አየቻት። «አጠፋሁ?»

ፊርደውስ መልሱን እናቷን ብትጠይቃቸው ምን እንደሚሏት ለማሰብ ሞከረች፤ ድምፃቸው አልመጣላትም። ከራሷ መለሰች።

«አላጠፋሽም። ከመግባትሽ በፊት ጠይቂ፤ ስትወጪ ዝም በይ። እኔ የፊተኛውን አላውቀውም ነበር።»

ሱዓድ ያሰጣችውን የሕፃን ልብስ አዟዟረች። «ብቻዬን ግን እፈራለሁ» አለች።

«ሲጠሩሽ ደውዪልኝ» አለች ፊርደውስ። «እመጣለሁ።»